የገበየሁ ኮት

ኮምፒዩተሬን ከፍቼ አቧራውን ሳራግፍ ዛሬም ድረስ የገብስ ጉድጓድ ይሸተኛል። እህል በጉድጓድ የሚያኖር ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል። እርጥብ አፈር፣ የታፈነ ገብስ፣ ትንሽ የብቅል ነገርም ያለበት፣ አንዴ አፍንጫ ውስጥ ከገባ የማይወጣ ሽታ ነው። ብረት ገብስ ሊሸት አይገባውም፤ የእኔ ግን ይሸታል። ትናንት ጠዋት መብራት እስኪመጣ ሥራ ልያዝ ብዬ ብሎኑን ፈትቼ ክዳኑን ሳነሳው ያው ሽታ ወጣ። ብሩሹን እንደያዝኩ በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩና፣ እንግዲህ ያረጀ ሰው እንደሚያደርገው፣ ወደኋላ መሄድ ጀመርኩ።

ያኔ ሱቄ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለች፣ የቆርቆሮ በር ያላት አንዲት ክፍል ነበረች። አሁንም እዚያው ናት፤ በሩ ላይ ግን ጥይት የበሳው ቀዳዳ ስላለ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በእሱ ትገባለች። በቀኝ በኩል አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ሲያንጣጣ ይውላል፤ በግራ በኩል ካሴት ቤቱ ከማለዳ ጀምሮ ትከሻ የሚያስነቀንቅ ዘፈን ይለቃል። ካሴት ጊዜው ሲያልፍ ባለቤቱ ራሱ ፍላሽ ይዞ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። የገበያ ቀን መንገዱ ይሞላ ነበር። ልጃገረዶቹ በአረንጓዴ ጥልፍ ቀሚስ፣ ኮንጎ ጫማቸውን ከወንዙ ላይ አጥበው፤ ጎረምሶቹ በቁምጣ፣ ዱላቸውን በሁለት ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይመጣሉ። ሚሞሪ ካርዳቸውን ከቀበቷቸው ስር፣ በላስቲክ ከተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ አውጥተው «ሙይልኝ» ይሉኛል። የምን ዘፈን ትፈልጋለህ ስለው «የሚያስለቅስ» የሚለኝ ነበር። ዛሬ እንደዚያ ብሎ የሚያዝ ሰው የለም። አንድ ገጽ ተይቤ የምቀበለው ብር ያኔ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ከነዳቦው ይገዛ ነበር፤ አሁን በዚያ ብር ሻዩን አሽትተህ ሂድ ቢሉህ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው። ኮምፒዩተር ያስተማረኝ ብልሽት ነው ብል ይቀለኛል። አንድ መሥሪያ ቤት «ሞቷል» ብሎ በጨረታ ያወጣውን ገዛሁና እቤት ወስጄ ፈታሁት። ውስጡ አቧራና የአይጥ ጎጆ ብቻ ነበር። ራም የሚባለውን ሰሌዳ ነቅዬ፣ ወርቃማ ጥርሱን በተማሪ ላጲስ ጠረግኩና መልሼ ብሰካው ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚበላሽ ነገር አልፈራም። የሚያስቸግረኝ የከተማችን ነፋስ ነበር። ያ ነፋስ አቧራውን በበሩ ስንጥቅ አስገብቶ ማቀዝቀዣው ፋን ላይ እንደ ሱፍ ያገማምደዋል፤ ያኔ ማሽኑ ይግልና ጥፍት ይላል። በአፍ መንፋት ምራቅ ይረጫል፤ በብሩሽ አይዘልቅም። መጨረሻ ላይ ከተማው ዳር ወዳለው ብረት ቀጥቃጭ፣ ወደ አያ ጣሰው ዘንድ ሄጄ ወናፍ ስጡኝ አልኳቸው።

«ምን ልታግይበት ነው?» አሉኝ።

«እንዳይግል ነው የፈለግሁት።»

አያ ጣሰው ሳቁ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ለማጋል ወናፍ ስነፋ ኖርኩ፤ አንቺ ለማብረድ ልትነፊ? ተይ እባክሽ፣ ሰው እንዳይሰማሽ።»

ግን ሰሩልኝ፤ ትንሽ የፍየል ሌጦ ወናፍ፣ አፏ ላይ ቀጭን የቆርቆሮ ቧንቧ ያላት። እስከ ዛሬ የምነፋው በእሷ ነው። ያኔ ሰው ሱቄ በር ላይ ቆሞ ኮምፒዩተር በወናፍ ሲነፋ እያየ «ትርንጎ ማረሻ መቀጥቀጥ ጀመረች» እያለ ያፌዝ ነበር።

ያን ጊዜ ሥራዬ ግማሹ የመንግሥት ነበር። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር መፈክር እተይባለሁ። ሹም በተለወጠ ቁጥር፣ አዲሱ ሹም የድሮውን የሚያስረሳ መፈክር ያዝዛል፤ እኔ የድሮውን ከፍቼ ከታች ስሙን ለውጬ እሰጣለሁ። አንድም ቀን ያወቀ የለም፤ ሁሉም «ግሩም ነው» ብለው ነው የወሰዱት። ለመንገድ አቤት ለማለት ከሲማዳ የመጡ ሽማግሌዎች፣ መንገዱ በእኛ በኩል ይለፍ ብለው ከእስቴ የመጡ ሽማግሌዎች፣ በአንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ባለችው አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ አይቻለሁ። አንዳቸው የሌላውን አቤቱታ እያዳመጡ «እንደሱ ብለሽ ለእኛም ጻፊልን» ይሉኝ ነበር። መንገዱ በየትም በኩል አላለፈም። አሁን መተየብ አቁሜአለሁ። ዛሬ አንዱ መሣሪያ ይዞ መጥቶ ይህን ጻፊ ይላል፤ ነገ ሌላው መጥቶ ለማን ነው የጻፍሽው ይላል። «መተየቢያው ተበላሽቷል» እላለሁ። የሚሠራው ፎቶ ብቻ ነው።

እንግዲህ የፎቶው ነገር ከኮቱ ነው የሚጀምረው። ባለቤቴ ገበየሁ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ለሠርጋችን ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ቡናማ ሱፍ ኮት አሰፍቶ ነበር፤ ከሠርጉ በኋላ ዱቄት ይነካዋል ብሎ አንድም ቀን አልለበሰውም። ጉርድ ፎቶ ማንሳት ስጀምር ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርኩና ኮቱን ከነክራባቱ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ለፈተና የሚመዘገብ ተማሪ፣ መታወቂያ የሚያወጣ ገበሬ፣ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ ያን ኮት ይለብሳል። ገበየሁ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ልጆቹ ውስጡ ይጠፋሉ፤ ከጀርባቸው ጨርቁን ሰብስቤ በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። ከፊት ሲታዩ ሚኒስትር ይመስላሉ፤ ከኋላ መቆንጠጫው እንደ ዶሮ ጭራ ቆሟል። ከሥር ደግሞ ቁምጣ ነው። እርስ በርሳቸው እየተያዩ የሚስቁት ሳቅ እስከ መናኸሪያው ይሰማ ነበር። ኮቱን እንቢ ያሉኝ ከእኛው አገር ቤተ ልሔም የመጡ አንድ የድጓ መምህር ብቻ ናቸው። «እኔን ካባዬ ይበቃኛል፤ ይህን ለብሼ ማንን ልሁን ነው የምትይኝ?» ብለው በጥምጥማቸው ተነሡ። ገበየሁም ማታ እራት ላይ «ኮቴ ከእኔ የበለጠ ሰው ያውቃል» እያለ ይቀልድ ነበር። ያኔ እንዲህ ይቀለድ ነበር።

ከዚያ ጦር መጣ። የመጀመሪያው ማለቴ ነው። ወደ ከተማችን መቅረቡ ሲሰማ ሰው ሁሉ ያለውን መደበቅ ያዘ። አማቴ በቤተ ልሔም በኩል ያለ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ ኮምፒዩተሩን በላስቲክና በአጎዛ ጠቅልለን በአህያ ጭነን ወደ እሳቸው ወሰድነው። ሣር ቤት ውስጥ ልንደብቀው ስንል አማቴ ተቆጡ።

«ቤት ይቃጠላል። ጉድጓድ ነው እንጂ። ይህ ጉድጓድ የአባቴን ገብስ በስንት ክፉ ቀን ያሳለፈ ነው፤ ያንቺን ሣጥን ማቆየት ያቅተዋል?»

ማን እሳቸውን ይከራከራል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያለው ነገር ከመሬት በታች ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ሳይቀር። ገብሱ እስከ ወገቡ ወዳለበት ጉድጓድ አወረድነው፤ በገብስ ሸፈንነው፤ አፉን በድንጋይ ገጥመን በጭቃና በእበት መረግነው። ገብስ እንደሚተነፍስ ረስተን አይደለም። ጉድጓድ ሲከፈት ክፉ አየሩ ሳይወጣ ማንም እንደማይገባበት እኛ አገር ሕፃን ያውቃል። ኮምፒዩተርም እንደሚታፈን ግን ከእኛ ውስጥ ያሰበ አልነበረም።

ጦሩ አልፎ ሲወጣ ጉድጓዱን ከፍተን፣ አስተንፍሰን፣ የባለቤቴ ወንድም ገባና በገመድ አወጣው። አጎዛው ሻግቷል። ላስቲኩ ተቀዶ ገብሱ ገብቶበታል። ሲዲ በሚገባበት ቀዳዳ ነጫጭ በቆልት ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል፤ ገብሱ ውስጡ በቅሏል። ሁላችንም ከበን ስናየው አማቴ ጎንበስ ብለው አንዷን ቆንጥረው ቀመሷት።

«ኮምፒዩተርሽ ለጠላ ደርሷል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ቀን የሳቅኩበትን ጊዜ አላስታውስም። አንድ በአንድ ፈትቼ እንደ ብቅል ሰሌን ላይ ፀሐይ አሰጣሁት፤ ዝገቱን በላጲስ፣ ገለባውን በወናፍ አወጣሁ። የፎቶዎቹ ቋት፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ታሽጎ የተሠራ ስለሆነ አልሞተም ነበር። ሁሉንም ግን አልመለሰልኝም። አንዳንዱ ፎቶ ሲከፈት ከላይ ወደ ታች እየወረደ እየወረደ ይመጣና አገጩ ላይ ሲደርስ ቀሪው ግራጫ ይሆናል። አንዳንዱ ግንባር ብቻ ነው። እኔም ምን ይሆናል አልኩ፤ የስንት ዓመት ጉርድ ፎቶ ደግሞ ማን ይጠይቀኛል ብዬ።

ጠየቁ። መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤቴ ነበረች፣ የልጇን ፎቶ አሳድጊልኝ ብላ። እኛ ዘንድ ለቅሶ የሟቹን ልብስና ፎቶ ይዞ ነው፤ ሬሳው ባልመጣበት ለቅሶ ደግሞ የሚያስለቅሰው ፎቶው ብቻ ነው። የገጠር ልጅ ፎቶ የለውም፤ ያለው እኔ ጋ የተነሣው ጉርድ ነው። ከጎረቤቴ ቀጥሎ ከሲማዳ መጡ፣ ከእስቴ መጡ፣ ከታች ጋይንት መጡ። አሳድጋለሁ፣ በጥቁር ክፈፍ እሰጣለሁ። አንድ ቀን ገበየሁ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የብዙ ሰው ለቅሶ በአንድነት ከተቀመጠበት መጣና ጋቢውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ምነው?» አልኩት።

«ዛሬ እኔን ሲያለቅሱ ዋሉ» አለኝ። «እናት ሁሉ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ የያዘችው ኮቴን ነው።»

ከዚያ በኋላ ኮቱን አውርጂው እያለ ሲለምነኝ ኖሯል። አላወረድኩትም፤ አሁንም መታወቂያ የሚፈልግ ሕያው ሰው አለ።

ሽታው ትናንት ያስታወሰኝ ግን ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት ሰዎችን ነው፤ አያ ታደለንና እታለም ዝማምን። ከሲማዳ በእግራቸው መጡ፣ የከተማችን የመኪና መንገድ ተዘግቶ በነበረበት ሰሞን። የልጃቸው ነገር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ጌትነት ይባላል፤ ከቤት ወጥቶ ከሄደ ከርሟል፣ ወሬውም ጠፍቷል። ውጊያ ላይ አብሮት የነበረ አንድ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ ብሏል አሉኝ አያ ታደለ። ዝማም «ጭስ ውስጥ ነው ያየው፤ ጭስ ውስጥ ያየ ሰው አላየም» አለች። አግዳሚው ላይ ተራርቀው ነው የተቀመጡት፤ ልክ እንደዚያ የሁለቱ አገር ሽማግሌዎች።

«ትልቅ አድርጊልን፣ እቴ» አሉኝ አያ ታደለ። «ለቅሶውን ልቀመጥ ነው።»

«ትንንሽ ነው የምትሠሪልኝ» አለች ዝማም። «በእጄ የምይዘው፤ እየዞርኩ የማሳየው። ደብረ ታቦርም፣ ባሕር ዳርም፣ ታሳሪም ቁስለኛም ያለበት ሁሉ እሄዳለሁ።»

«ስንት ቦታ ሄድሽ?» አሏት አያ ታደለ።

«ፎቶ ሳልይዝ ነዋ። ልጄ ረጅም ነው፣ ቀይ ነው ብዬ ነዋ። ሁሉም ረጅም ነው፣ ሁሉም ቀይ ነው።»

አያ ታደለ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ የደከማቸው ሰው ናቸው። «ሰው ደጄን እየሸሸኝ ነው፣ እቴ። እግዜር ያጽናህ ይበለኝ፣ ወይስ ልጅህ እንዴት ነው ይበለኝ? አያውቅም። ስለዚህ ሲያየኝ መንገድ ይለውጣል። ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው። ነፍሱም በእኛ የተነሣ ሜዳ ላይ እንዳትቀር።»

ያኔ የነበረኝ የፎቶ ወረቀት አንድ ብቻ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ዕቃ አይገባም። በዚያ አንድ ወረቀት ወይ አንድ ትልቅ ፊት ይወጣል፣ ወይ ትንንሽ ፎቶዎች ይወጣሉ። ነገርኳቸው። መጀመሪያ ግን ፎቶው መኖሩን እንይ ብዬ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ።

በስም አላስቀመጥኩትም፤ የተማሪዎቹን አንድ በአንድ ማለፍ ነበረብን። ዝማም አጠገቤ ቆማ ስክሪኑን ልትነካው እስክትደርስ ተጠጋች። አንዱን አለፍኩ፣ ሌላውን አለፍኩ፤ ሁሉም ያንኑ ኮት ለብሷል። «ይህ የመምሬ ልጅ አይደለም?» አለች። ነው፤ የእሱን ፎቶ ለለቅሶ ካሳደግኩት ቆይቻለሁ፣ አልነገርኳትም። «ይህቺስ፣ እዚህ ሻይ ቤት የነበረችው?» እሷ በሕይወት አለች፤ እሱን ቶሎ ነገርኳት። ግማሽ ፊት ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። «የእኔ እንዲህ ሆኖ እንዳይሆን» ትላለች።

ከዚያ አንዱ መከፈት ጀመረ። ፀጉር መጣ። ግንባር መጣ። «እሱ ነው» አለች ገና ዓይኑ ሳይደርስ። ዓይኑ ወረደ፣ አፍንጫው፣ ከንፈሩ፤ አገጩ ላይ ቆመ። ግራጫ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ አንገቱ መጣ፣ የክራባቱ ቋጠሮ፣ የኮቱ ኮሌታ፣ ትከሻው። ሙሉ ነው።

አያ ታደለ ተነሥተው ከኋላችን ቆሙ። ልጃቸውን በኮት አይተውት አያውቁም። ከዚያ ዓይናቸው ምስማሩ ላይ ወደተሰቀለው ሄደ። «ያ ነው?» አሉ። ነው አልኳቸው። «ለለቅሶው ብታውሺኝስ? የሱ ልብስ አንድም አልቀረም፤ የሚያዝ ነገር የለም። መልሼ አመጣዋለሁ።»

ዝማም ሄዳ የኮቱን እጅጌ በጣቶቿ ያዘችው፣ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደምትመርጥ። «ይህ የሰው ልብስ ነው» አለች። «ልጄ የራሱን ልብስ ለብሶ ነው የሄደው። የራሱ ልብስ አልመጣልኝም። ልብሱ ሳይመጣ በሰው ኮት አላለቅስም።»

አያ ታደለ ስክሪኑን ነው የሚያዩት። እኔም አብሬ አየሁ፤ ያን ጊዜ ነው የፎቶውን ጉድለት ያስተዋልኩት። ልጁ ወደ እኔ አይመለከትም። ዓይኑ ወደ ጎን ነው፣ ወደ በሩ። እንዲህ ያለው ፎቶ ይደገማል፤ ፈተና ምዝገባ ላይም አይቀበሉትም ነበር። ለምን እንዳልደገምኩት ገረመኝ።

«ይሄ ፎቶ ጥሩ አልወጣም» አልኩ። «ሌላ ቦታ ነው የሚያየው።»

«እኔን ነው» አሉ አያ ታደለ።

ዞር ብለን አየናቸው።

«እኔ ነኝ አብሬው የመጣሁት። አህዮቹን ይዤ እዚህ በር ላይ ቆሜ ነበር። ገበያው እየተበተነ ነው፣ ዳገቱ ሳይመሽብን፣ ቶሎ በል እንጂ እያልኩ ስጨቀጭቀው። አንቺም ልድገመው ስትይ አይ ይበቃዋል ብዬ ይዤው ሄድኩ።» ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ አነሡና መልሰው ሰበሰቡት። «እያየኝ ነው።»

ውጭ ባጃጅ አለፈ፣ የበሩ ቆርቆሮ በነፋሱ ተንቀጫቀጨ።

«ትንንሽ አድርጊው» አሉ።

ወረቀቱን አስገባሁ። መብራቱ እንዳይሄድ እየጸለይኩ ማተሚያው እስኪጨርስ ጠበቅኩ፤ ወጣ። ዝማም ነጠላዋን ዘርግታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ መቀስ አንሥቼ አንዱን ከአንዱ እየለየሁ መቁረጥ ጀመርኩ። መስመሩ እንዳይዛባ በጣም ዘገየሁ። አያ ታደለ እንደዚያ ቀን በሩ ላይ ሄደው ቆሙ። ፀሐይ አዘቅዝቃ በጥይቱ ቀዳዳ ገብታለች፤ የሚወጡት ዳገት ያው ዳገት ነው፣ ሳይመሽ ማለፍ ያለባቸው ኬላም አለ። እኔ አንዱን ቆርጬ ለዝማም እሰጣታለሁ፣ እሷ አይታ ነጠላዋ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ሌላውን እጀምራለሁ። አያ ታደለ መቃኑን ተደግፈው ያዩናል። ቶሎ በይ አላሉኝም።